የአባባ የአቡጀዲ ድንኳን

ባለፈው ቅዳሜ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ የልጅ ልጄ ሜላት ሳሎኔን ገለባብጣ አገኘኋት። የቴሌቪዥን ካርቶን ጎንና ጎኑን በቢላ ቆርጣ፣ የተቆረጠውን በነጭ ጨርቅ ሸፍና፣ ከውጭ በግራና በቀኝ የጠረጴዛ መብራት አቁማ፣ መሃሉ ላይ አንድ የብር አምባር አስቀምጣ ተንበርክካለች። ሜላት ጌጣጌጥ የምትሸጠው በስልክ ነው። ሱቅ የላት፣ ባንኮኒ የላት፣ ከደንበኛ ጋር ፊት ለፊት ተከራክራ አታውቅም፤ ፎቶውን ትለቃለች፣ ዕቃው ይሄዳል።

“እማማዬ፣ ይሄ አምባር ሊያሳብደኝ ነው” አለችኝ። “ባነሳሁት ቁጥር ስልኬና ጣቴ ውስጡ ይገባሉ።”

መነጽሬን አድርጌ ጎንበስ አልኩ። ከአምባሩ ሆድ ላይ ነጠላ የተከናነበች አንዲት ትንሽ አሮጊት ተጣማ አፍጥጣ አየችኝ። ያው እኔው ነኝ፤ ግን ልቤ ቀጥ አለ። በዚያው ቅጽበት ሽታው መጣ፤ አምፖል አጠገብ የቆየ ነጭ ጨርቅ ሊቃጠል ሲል የሚሸተው፣ ትኩስ ካውያ ትኩስ ካውያ የሚለው ሽታ። ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። ልጅቷ ደም ግፊቴ የተነሣ መስሏት ውሃ ልታመጣ ሮጠች።

ግፊት አልነበረም፤ ፍርሃት ነው። እኔ ፈሪ ነኝ፣ ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። መኪና ደጃፌ ላይ ሲቆም እስከ ዛሬ ድረስ የያዝኩትን ብርጭቆ አስቀምጣለሁ። ሰው በሩን ደጋግሞ ካንኳኳ “ማነው?” ለማለት ድምፅ ያጥረኛል። ልጆቼ “እማዬ፣ ቆጣሪ የሚያነበው ሰውዬ ነው እኮ!” እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ፤ ባይስቁ ነበር የሚያሳዝነኝ።

የአባባ፣ የአባቴ ማለት ነው፣ ፎቶ ቤት ፒያሳ፣ ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ በምትገባ ጠባብ መንገድ ላይ ነበር። ዛሬ ሄጄ “እዚህ ጋ” ብዬ ላሳይ ብል የማሳየው ግድግዳ የለም፤ ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ አበባና የመብራት ምሰሶ ነው ያለው። አላማረም አልልም። ግን እግሬ ድሮ ደረጃ የነበረበት ቦታ ሲደርስ ሳላዘው ከፍ ይላል፤ በቀደም የሌለ ደረጃ ልወጣ ስል ልወድቅ ነበር፣ አንድ ወጣት ነው ክንዴን የያዘኝ። ያኔ ከምኒልክ አደባባይ ቁልቁል ሲመጣ መጀመሪያ የሚቀበለው የኬክ ቤቱ ሽታ ነው። ማኪያቶ በስሙኒ ይጠጣል። ወንዶቹ ከጉልበት በታች እንደ ጃንጥላ የሚከፈት ሱሪ ለብሰው፣ ጎፈሬያቸውን አበጥረው ባንኮኒ ይደገፋሉ፤ ሴቶቹ አጭር ቀሚስ አድርገው፣ በዚያ ጡብ በሚያክል ተረከዝ ቁልቁለቱን ሲወርዱ እንዴት እንደማይሰበሩ ይገርመኛል፤ እኔም አንዷ ነበርኩ። ከሙዚቃ ቤቱ ደጃፍ የሚወጣው ዘፈን እኛ ድረስ ይሰማል። ጉርድ ፎቶ ሊነሣ የተቀመጠ ጎረምሳ ትከሻው በዘፈኑ አልቀመጥ ሲል አባባ ከጥቁሩ ጨርቅ ስር ብቅ ብለው “ልጄ፣ ትከሻህን ለሠርግህ አቆየው” ይሉ ነበር። ከዚያ አብዮቱ መጣና ቀስ በቀስ ዘፈኑ ቀነሰ። በምትኩ መኪና ላይ በተሰቀለ ድምፅ ማጉያ የሚነገር ነገር መጣ። ጎፈሬው ተላጨ፣ ቀሚሱ ረዘመ። ጉርድ ፎቶው ግን በዛ፤ ያለ መታወቂያ ከደጅ መውጣት የማይቻልበት ጊዜ ሆነ።

ፎቶ ቤቱ ሦስት ክፍል ነበረው። ከፊት እንግዳ መቀበያው፣ መሃል ፎቶ የሚነሣበት፣ ከኋላ ደግሞ ፊልሙ የሚታጠብበት ጨለማ ክፍል። እኔ ትምህርቴን እንደ ጨረስኩ እዚያው ገባሁ፤ አጥባለሁ፣ አደርቃለሁ፣ የሰዎችን ፊት በቀጭን ብሩሽ እየነካካሁ ብጉራቸውን አጠፋለሁ። አባባ ሰው ማንሳት ይወዳሉ። የሰፈሩ ወርቅ ሠሪዎች ግን ቀለበትና ጉትቻ ይዘው መጡባቸው፤ ለመስኮታቸው የሚሰቀል ፎቶ ፈልገው። ሌላ ቦታ ያስነሱት ሁሉ ብልጭታ ብቻ ሆኖባቸዋል። የጎረቤታችን ወርቅ ሠሪ ጋሽ ኸይሩ አንዱን ፎቶ አሳይተውን ነበር፤ ቀለበቱ ውስጥ ፎቶ አንሺው ከነኮፍያው ቁጭ ብሏል።

አባባ አንድ ሳምንት ሲያስቡ ሰነበቱና እናቴ ለአንሶላ የገዛችውን አቡጀዲ ሰረቁባት። የሳሙና ሣጥን ጣውላውን ነቅለው አጥንቱን ብቻ አስቀሩ፣ አቡጀዲውን ከላይና ከጎን ወጠሩት፣ ከፊት ለሌንሱ ቀዳዳ አበጁለት። መብራቱ ከውጭ ነው፤ ጨርቁን አልፎ ሲገባ ይለሰልሳል። በግራ በኩል ዕቃውን ለማስተካከል እጅ የሚያስገቡባት እንደ መጋረጃ የምትገለጥ ክፍተት ነበረች። ድንኳን ብለን ነበር የምንጠራት። “ብርና ወርቅ ፊት ለፊታቸው ያለውን ሁሉ ይቀዳሉ” አሉኝ አባባ። “እኛንም፣ ቤቱንም፣ በሩንም። ስለዚህ ነጭ ብቻ እንዲያዩ እናደርጋቸዋለን።” እናቴ አንሶላዋን ስታጣ አንድ ቀን ሙሉ አላነጋገረቻቸውም። በማግስቱ ግን የራሷን ጉትቻ ይዛ መጥታ “በይ እስቲ ይታይ” ብላ ለእኔ ሰጠችኝ።

ድንኳኗ ውስጥ ብርሃኑ ስለሚደክም ሌንሱ ረዘም ላለ ጊዜ ክፍት መሆን ነበረበት። አባባ በሰዓት አይለኩም። የሌንሱን ክዳን ያነሱና ዓይናቸውን ጨፍነው “አቡነ ዘበሰማያት” ይደግማሉ፤ አሜን ሲሉ ይከድናሉ። ለወርቅ እስከ መሃሉ ይበቃል፣ ለብር እስከ መጨረሻው ይደርሳሉ። ጋሽ ኸይሩ “ጋሼ፣ የኔን ቀለበት አጠመቁት እኮ” እያሉ ይቀልዱ ነበር። ያ ጸሎት ነው ኋላ ጉድ የሠራን።

ወንድሜ ግርማ የእኔ ታላቅ ነው። ረጅም፣ ሰው ሲያወራው አንገቱን ዘንበል አድርጎ የሚሰማ፣ ልጅ ሆኖ ከደረጃ ወድቆ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ የተረፈው ልጅ ነበር። አራት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ይማራል። ምን እንዳደረገ በትክክል አላውቅም፤ ያኔም አልጠየቅሁትም፣ አለማወቅ ይሻል ነበር። የማውቀው ይያዙ ተብሎ የጓደኞቹ ስም ሲጠራ የእሱም አብሮ መጠራቱን ነው። ከዚያ በኋላ አፍንጮ በር ካለው ቤታችን ጠፋ። ለጎረቤት “ክፍለ ሀገር አክስቱ ጋ ነው” አልን። እሱ ግን ፒያሳ፣ በአባባ ጨለማ ክፍል ውስጥ፣ ከፊልም ማጠቢያው መድኃኒት ጠርሙሶች ጀርባ በተነጠፈ ፍራሽ ላይ ነበር።

ጨለማ ክፍልን ማንም ዝም ብሎ አይከፍትም። በሩ ላይ ቀይ አምፖል አለ፤ ሲበራ አይገባም፣ ከተገባ ብርሃን ነክቶት ፊልሙ ሁሉ ይቃጠላል። ያን ሰሞን ቀዩ አምፖል ጠፍቶ አያውቅም። አንድ ቀን አሰሳ መጥቶ አንደኛው ታጣቂ እጁን መዝጊያው ላይ ሲያሳርፍ አባባ “የርስዎ የትናንትናው ጉርድ ፎቶም እዚያ ነው ያለው” አሉት። ሰውየው እጁን መለሰ። እንደገና ተሰልፎ መነሣት አልፈለገም። እነሱ ሲወጡ እኔ መሬት ላይ ተቀመጥኩ፣ ግርማ ከውስጥ በቀስታ “አንቺ ፋራ፣ ሄደዋል፣ ተንፍሺ” አለኝ። 

እናታችን ያረፈችው በዚያው ክረምት ነው። ግርማ የሰማው እዚያው ጨለማ ውስጥ ሆኖ ነው። እኔ ነኝ የነገርኩት። ድምፁ እንዳይወጣ ፎጣ አፉ ውስጥ ጎስጉሶ ሲያለቅስ ከማየት የሚከፋ ነገር በሕይወቴ አላየሁም። ቀብሯ ላይ ከአስከሬኗ ፊት የደብራችን ትልቁ የብር መስቀል ሄዷል። ይህንንም ነገርኩት፤ የሚጽናና መስሎኝ።

ወራት አለፉ። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ላንድሮቨር ደጃፋችን ቆመ። አባባ የያዙት መነጽር ከእጃቸው ወደቀ። ከመኪናው የወረዱት ግን ቄሰ ገበዙና የቆዳ ጃኬት የለበሰ አንድ ወጣት ነበሩ። ቄሰ ገበዙ የዚያው የእናታችን ደብር ንዋየ ቅድሳት ጠባቂ ናቸው፤ እኔንና ግርማን ያጠመቁ፣ እናታችንን የቀበሩ ሽማግሌ። ወጣቱ ከአንድ መሥሪያ ቤት ነው የመጣው። የየደብሩ ዕቃ ፎቶ ተነሥቶ ይመዝገብ ተብሏል።

“አንተ ጋ ያለ ብልጭታ ይወጣል አሉኝ” አላቸው አባባን፣ ልጃቸው በሚሆን ዕድሜው ‘አንተ’ እያለ። “ዛሬውኑ ታጥቦ እፈልገዋለሁ። እጠብቃለሁ።”

ዘውዱ፣ ጽናጽሉ፣ ጽዋው አንድ በአንድ ድንኳኗ ውስጥ ገብተው ወጡ። መጨረሻ ላይ ቄሰ ገበዙ መስቀሉን ከተጠቀለለበት ግምጃ ፈቱት። እናቴን የሸኛት መስቀል ነው። መሃሉ ላይ እንደ ተደፋ ስኒ ያበጠ፣ ምንም ያልተቀረጸበት ለስላሳ ብር አለው፤ የሳመው ሰው ሁሉ በግንባሩ ሲወለውለው የኖረ ስለሆነ መስታወት ነው። ቄሰ ገበዙ እኔንም አባባንም አሳልመውን ድንኳኗ ውስጥ አቆሙትና ከወጣቱ ጋር ለመቀመጥ ወደ ፊት ክፍል ወጡ። በእኛና በእነሱ መካከል ያለው መጋረጃ ብቻ ነበር።

“ወዲያ ያለው ቀይ መብራት ምንድን ነው?” አለ ወጣቱ ከመጋረጃው ማዶ።

“ጨለማ ክፍል ነው ጌታዬ” አሉ አባባ። ላባቸው በጆሯቸው ሥር ይወርዳል። “ፊልም ተዘርግቷል።”

 እኔ በቀኝ በኩል መብራቱን ይዤ ቆሜያለሁ። ጆሮዬን ወደ መጋረጃው ማዶ ሰጥቼ ሳለሁ አምፖሉ ወደ አቡጀዲው ተጠጋና ያ የመቃጠል ሽታ ተነሣ። አባባ በዓይናቸው ገሠጹኝ፣ ራቅ አደረግሁት። ከዚያ የሌንሱን ክዳን አነሱ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ “አቡነ ዘበሰማያት” ጀመሩ። እስከ መጨረሻው። “አሜን” ሲሉ ቄሰ ገበዙም ከማዶ “አሜን” አሉ።

ፎቶዎቹን በቀዩ ብርሃን ሳጥብ ግርማ አጠገቤ ነበር። እያንዳንዱ ፎቶ መዳፍ የሚያክል ነው፣ ወጣቱ ደግሞ ከውጭ “አለቀ?” ይላል። ገና እርጥበቱ በቅጡ ሳይለቀው ይዞት ሄደ። መኪናው ሲነሣ አባባ ወንበር ላይ ዘጭ አሉና “ተመስገን” አሉ።

ከሰዓት በኋላ ለእኛ የቀረውን ቅጂ መስኮት አጠገብ አድርጌ በአጉሊ መነጽር ማየት ጀመርኩ፤ ልማዴ ነው፣ ነጭ ነጥብ ካለ ለመሸፈን። ዘውዱ ጥሩ ነው። ጽዋው ጥሩ ነው። መስቀሉ ላይ ስደርስ ያበጠው ብር ጥግ ላይ፣ ከነጩ መሃል፣ ሰው አለ። አንገቱን ዘንበል አድርጎ ዓይኑን ከድኗል። ቅንድቡ ላይ ያለችው ጠባሳ ሳትቀር ቁልጭ ብላ ትታያለች። መነጽሩን አነሳሁት፣ አጸዳሁት፣ እንደገና አየሁ። 

ጨለማ ክፍሉ ውስጥ ገብቼ በሩን ከኋላዬ ዘጋሁት። “ወጥተህ ነበር?” አልኩት።

“ተሳልሜ ልመለስ ብዬ ነው። እማዬን የሸኘ መስቀል እኮ ነው፣ የሺ። እኔ ብቻ ነኝ ያልሸኘኋት።”

“ታዲያ ተሳልመህ አትመለስም?”

“ጨርቁን ገለጥ አድርጌ ጎንበስ ስል አባባ ጸሎት ጀመሩ” አለኝ። “አቡነ ዘበሰማያት እየተደገመ እንዴት ጀርባዬን ሰጥቼ ልሂድ? ቆምኩ። አሜን ሲሉ ተመለስኩ።”

 እኔም ብሆን እቆም ነበር። እዚያ ቤት ያደገ ሰው ያ ጸሎት ሲጀመር እግሩ መሬት ይይዘዋል፤ ልጆች ሆነን ጉርሻ አፋችን ውስጥ ይዘን ቀጥ ብለን የቆምንበት ቀን ብዙ ነው። ቢንቀሳቀስ ኖሮ ፎቶው ላይ ጥላ ሆኖ ይቀር ነበር። እሱ ግን አንገቱን ደፍቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሌንሱ ክፍት እስከሆነበት የመጨረሻ ቃል ድረስ እንደ ሐውልት ቆመ። የአባባ ዓይን ተጨፍኗል። በእኔና በእሱ መካከል ድንኳኗ አለች። ያየው መስቀሉ ብቻ ነው።

አባባ ሲሰሙ አልተቆጡም፤ መቆጣታቸውን በወደድኩ። “ተበላሽቷል ብዬ ላስመልሰው?” አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ራሳቸው መለሱ፤ “ብጠይቅ አጉልተው ያዩታል።” ግርማን ወደ ሌላ ቦታ ማሻገርም አልተቻለም፣ በየመንገዱ ፍተሻ ነው። ስለዚህ አባባ አንድ ነገር ብቻ አሰቡ። ፊቱን ካዩት ከሌላ ፎቶ ጋር ማመሳከር ይፈልጋሉ። ሌላ ፎቶ እንዳይኖር።

የፎቶ አንሺ ልጅ ነውና ከሰፈሩ ልጅ ሁሉ በላይ ፎቶ የነበረው ግርማ ነው። የክርስትናው ቀን፣ የመጀመሪያ ጥርሱ የወለቀ ቀን፣ የፋሲካ ሱሪው፣ ፎቶ ቤታችን ግድግዳ ላይ ከነበረው የአውሮፕላን ሥዕል ፊት ቆሞ፣ እኔን አዝሎ። በማግስቱ አፍንጮ በር ማዕድ ቤት ከሰል አያያዝኩና አንድ በአንድ አቃጠልኳቸው፤ ነጋቲቩ ደግሞ ሲቃጠል ክፉ ይሸታል። ሽታው እንዳይታወቅ ጎን ለጎን በርበሬ ቆላሁ። ሰፈሩ በሙሉ ሳለ። ጎረቤታችን ከአጥር ማዶ “ኧረ የሺ፣ ልትጨርሽን ነው እንዴ!” ብላ ጮኸችብኝ። “በርበሬው ነው እትዬ፣ ጠንካራ ነው” አልኳት፣ እያሳልኩ፣ እያለቀስኩ። በርበሬው ሰበብ ሆነልኝ። እኔን ያዘለበትን ፎቶ መጨረሻ አደረግሁት፤ ጥግ ጥጉ ተጠቅልሎ መሃሉ ላይ የእሱ ጥርስ ብቻ ሲቀር አየሁ። ከዚያ ያም ሄደ። የቀረው የመስቀሉ ፎቶ አንድ ቅጂ ነበር፤ እሱን አባባ ምን ለማድረግ እንደሆነ እንጃ፣ ኪሳቸው ውስጥ አድርገው ይዞሩ ነበር።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ቀኖች እንዴት ልንገራችሁ። የመኪና ሞተር ድምፅ መለየት ተማርኩ፤ ታክሲው፣ የዳቦ መኪናው፣ ላንድሮቨሩ። ላንድሮቨር ቁልቁለቱን ሲወርድ የያዝኩትን ብሩሽ አስቀምጣለሁ። ፎቶ ሊነሣ የመጣ ሰው ሁሉ ግርማን ሊያይ የመጣ ይመስለኛል። ራት አንበላም።

ቄሰ ገበዙ ብቻቸውን፣ በእግራቸው መጡ። ሳያቸው እናቴ የሞተች ቀን ፊታቸው እንዲህ እንደነበር ትዝ አለኝ። በሩን እንድዘጋ በእጃቸው አመለከቱኝ፣ ውሃ ጠየቁ፣ ጠጥተው ብርጭቆውን አልመለሱልኝም።

“ትናንት ጠሩኝ” አሉ። “ያ ወጣት ፎቶውን በመነጽር ሲያይ ቆየና ‘አባ፣ እዚህ መሃል ያለው ምንድን ነው? ሰው አይደለም?’ አለኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁት። ያጠመቅሁት ልጅ ነው፣ እንዴት አላውቀው?”

አባባ ግድግዳውን ተደገፉ። “ምን አሉት አባቴ?”

“መልአክ ነው አልኩት። ከጥንት የተቀረጸ መልአክ ነው አልኩት።” ብርጭቆውን በእጃቸው አዞሩት። “በመስቀል ላይ ዋሸሁ። በዚህ ዕድሜዬ። እሱም ‘መልአክ የተቀረጸበት’ ብሎ ጻፈ።”

እኔ እፎይ ልል ስል እጃቸውን አነሱ። “ገና ነው ልጄ። ዕቃውን ከፎቶው ጋር ሊያመሳክሩ በዚህ ሰሞን ይመጣሉ። መልአኩን ካጡት መስቀሉን ሸጠህ ሌላ ተካህ ይሉኛል። እኔስ ግድ የለም፣ ኖሬያለሁ። ቀጥለው ግን ‘ታዲያ ፎቶው ላይ ያለው ማነው?’ ይላሉ። ያን ጊዜ የሚመጡት ወደዚህ ነው።” ከዚያ ከካባቸው ሥር በግምጃ የተጠቀለለውን አወጡ። “መልአኩ መቀረጽ አለበት። እሱን የሚመስል።”

ጋሽ ኸይሩን በጓሮ በር ጠራናቸው። አንድ ተጨማሪ ሰው ማወቁ ነበር ያስፈራኝ፤ እግራቸው ደፍ ላይ ሲደርስ “ተመለሱ” ልላቸው ምንም አልቀረኝም። አባባ ከኪሳቸው ፎቶውን አውጥተው ሰጧቸው። ጋሽ ኸይሩ ግርማን በልጅነቱ ከረሜላ እየሰጡ ያሳደጉ ሰው ናቸው። ፎቶውን በዚያ ዓይናቸው ላይ በሚሰኩት መነጽር ረጅም ጊዜ አዩት። ማነው አላሉም። ለምን አላሉም።

“ጠባሳዋንም ላድርጋት?” ብቻ አሉ።

 ቄሰ ገበዙ “ፎቶው ላይ ያለው ሁሉ ይደረግ” አሉ።

ጋሽ ኸይሩ ሥራውን የሠሩት እዚያው እኛ ጋ፣ መሃል ክፍል ውስጥ፣ በድንኳኗ መብራት ነው። ትንሿ መዶሻ ጢቅ ጢቅ ስትል እኔ ፊት ክፍል ተቀምጬ ሰው እንዳይሰማ ሬዲዮውን ከፍ አድርጌያለሁ። ሲጨርሱ ግርማ ከጨለማ ክፍሉ ወጥቶ አየው። እንደ ልማዱ አንገቱን ዘንበል አድርጎ አየና “አፍንጫዬን አሳምረውልኛል” አለ። አባባ የሳቁት ያን ጊዜ ነው፤ ሳቁ መሃል ላይ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ። ፎቶውን እዚያው በክብሪት አቃጠልነው።

ለማመሳከር የመጡ ቀን እኛ ፎቶ ቤቱን ከፍተን፣ እንደ ወትሮው ሰው እያነሳን ዋልን። የማን ፊት እንደነበር አንዱንም አላስታውስም። ወደ ማታ ቄሰ ገበዙ በደጃችን አለፉ፣ ሳይቆሙ፣ መቋሚያቸውን መሬት ላይ መታ አድርገው ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ኋላ እንደ ነገሩን ወጣቱ አውራ ጣቱን መልአኩ ላይ አሻሽቶ “ጥሩ እጅ ነው” ብሎ ወደ ዘውዱ አለፈ።

ግርማ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። ፍተሻው ትንሽ ላላ ሲል ራሱን ተላጭቶ፣ የአባባን ካፖርት ለብሶ በእህል መኪና ወጣ። ሲሰናበተኝ “አንቺ ፋራ፣ አትፍሪ” አለኝ። እሺ አልኩት። አልተመለሰም። ደብዳቤ አልመጣ፣ አየሁት ያለ ሰው አልመጣ፣ ሞተ ያለም አልመጣ። አባባ እስኪሞቱ ድረስ ሲያጥቡም ሳያጥቡም ያን ቀይ አምፖል አላጠፉትም።

ይህን ሁሉ ለማንም ነግሬ አላውቅም፣ ለልጆቼም። ሜላት ውሃውን ይዛ ስትመለስ ነው የነገርኳት፤ የካርቶን ድንኳኗ አጠገብ ቁጭ ብዬ፣ በሩ መዘጋቱን አረጋግጬ። እኛ አባታችንን አንቱ ነበር የምንለው፣ ይቺ ልጅ ግን አንቺ እያለች ስታናግረኝ ነው ልቤ የሚከፈተው።

“እና አንድም ፎቶ የለውም?” አለችኝ ዓይኗ እንባ ሞልቶ።

“ፎቶ የለውም” አልኳት። “መልኩ ግን አለ።”

የደብሩ ንግሥ በዚያው ሳምንት ነበርና ይዣት ሄድኩ። ሕዝቡ እንደ ባሕር ነው። ዲያቆኑ ትልቁን መስቀል ይዞ ሲያልፍ በየዓመቱ እንደማደርገው ገፋ ገፋ አድርጌ ከፊት ቆምኩ። እናቶች “የመልአኩ መስቀል” ነው የሚሉት፤ ዕድሜው ከአያቶቻቸው በፊት ነው ብለው ይምላሉ። የታመመ ልጅ ይዘው የሚመጡም አሉ። ዝቅ ሲያደርግልኝ ተሳለምኩት። አንገቱን ዘንበል አድርጎ እንደ ሁልጊዜው ይሰማኛል። ጠባሳዋ በብዙ ሰው ከንፈር ተፍቃ አልቃለች፤ ጣቴ ግን ያገኛታል።

ጆሮዬ ስር ጠቅ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሜላት ስልኳን አንሥታለች። እጄ ሳላዘው ተወርውሮ ስልኳን ሸፈነ፤ ግን ረፍዶ ነበር።

በታክሲው ስንመለስ ፎቶውን ስታየው ቆየችና ፊቷ አዘነ። “እማማዬ፣ ይቅርታ” አለችኝ። “ሊሳካልኝ አልቻለም። ብሩ ላይ አንቺም ገብተሽበታል። ላጥፋውና ሌላ ጊዜ ላንሳው?”

መነጽሬን አደረግሁ። መሃል ላይ ግርማ አለ። ባልተቀረጸው ለስላሳ ብር ላይ ደግሞ፣ ከጎኑ፣ አንዲት ነጠላ የተከናነበች ትንሽ አሮጊት እንደ እሱው አንገቷን ደፍታ ዓይኗን ጨፍናለች። ‘አጥፊው’ የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ታክሲው ውስጥ ያሉትን ሰዎች አንድ በአንድ አየሁ፤ አንዱ ተኝቷል፣ አንዷ ከረዳቱ ጋር ስለ መልስ ትጨቃጨቃለች። ማንም ወደ እኛ አያይም።

“ተይው” አልኳት። “አጥበሽም አምጪልኝ። ግድግዳ ላይ የምሰቅለው ነው።”